ሰባት ንጉሥ እስከ አስመራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። በሚስዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል እስክደርስ መምህሩ የሚጠሩትን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እጄ የለመደው አንሶላ ማጠብና ጭስ ማጨስ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጎረቤት ስትልከኝ "ቤቶች" ብዬ መጣራት እያፈርኩ፣ ሰው ለራሱ ጉዳይ ወጥቶ እስኪያየኝ ድረስ በር ላይ እቆም ነበር። አሁን የምጽፈው አዲሱ መምህር፣ በጣሊያን ጊዜ ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ የሠራውን ይጻፍልኝ፣ ልጆች ያንብቡት ስላሉ ነው። ሌላው ሰው ስለ ጦርነቱ ይጽፋል። እኔ የማውቀው አውሮፕላን ከአስመራ ደብረ ታቦር ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅና ያንን ያስተማሩኝን ሰው ነው።

ሥራዬ አልቋል። ጣሊያኖቹ ከሄዱ ወዲህ ሜዳው ለከብት ተመልሷል። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በዚያ አለፍኩ። ፍልፈሉ እንደ ልቡ ቆፍሮ ሜዳው ጉብታ በጉብታ ሆኗል። እግሬ ሳላዘው አንዱን ጉብታ ረግጦ ደለደለው። እዚያው ቆሜ ትንሽ አለቀስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሥራ የገባሁት አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እናቴ እግሯ አብጦ መቆም ሲያቅታት ነው። መጀመሪያ በጦር ሰፈሩ የወታደር ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ደመወዙ በሊሬ ነበር፤ ለእናቴና ለእኔ ቀለብ ይበቃ ነበር፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ ቀን የአውሮፕላን ሜዳው አዛዥ፣ ሁላችንም በማዕረጉ ማሬሻሎ የምንለው ጣሊያን፣ አንሶላ ይዛ ወደ ሜዳው የምትወጣ ልጅ ፈለገ። ከአጣቢዎቹ ሁሉ ዝምተኛዋ እኔ ስለነበርኩ እኔን ላኩኝ። እዚያው ቀረሁ።

ሥራው ይህ ነበር። ጠዋት ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ ሌሊት ፍልፈል የቆለለውን አፈር መደልደል፣ ከብት ማባረር። አውሮፕላን ሲጠበቅ ነጫጭ አንሶላዎች በሜዳው ራስ ላይ ዘርግቶ ዳርዳሩን በድንጋይ መያዝ፤ አብራሪው ከላይ የሚያየው ምልክት እሱ ነው። ከዚያ ጭስ። አብራሪው ሜዳው የት እንዳለ በጭሱ ያውቃል፤ ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ያርፋል። ከታች ደረቅ ጽድና ወይራ ይነደዳል፤ እሳቱ ሲፋፋም እርጥብ ሣርና ውኃ የጠጣ የገብስ ገለባ ይጫንበታል። ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ይወጣል። ሰማዩ ጭጋግ ከሆነ ግን ነጭ ጭስ አይታይም፤ ያን ጊዜ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ እንጨምርበታለን፣ ጥቁር ይሆናል። ያለ ትእዛዝ ማጨስ ክልክል ነበር። በዙሪያው ባለው ተራራ አርበኛ ስለነበረ፣ ጣሊያኖቹ ያላዘዙት ጭስ ካዩ ለአርበኛ ምልክት ተሰጠ ይላሉ። ስለዚህ ክብሪቱ የሚያዘው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር።

ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ጭሴ ይሉኝ ነበር። "ጭሴ፣ ዛሬስ ማንን ጠራሽብን?" ትለኛለች አንዷ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ቦምብ የሚጥሉት ከጎንደር እንደሚነሡ፣ እኛ ሜዳ ላይ የሚያርፉት ደብዳቤና መድኃኒት የሚያመጡት ትንንሾቹ እንደሆኑ ማስረዳት እፈልግ ነበር። ግን እንስራዬን ሞልቼ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ከታች ሆኖ ለሚሰማ ሰው ድምፁ አንድ ነው፤ እነሱም አልተሳሳቱም።

ክብሪት ያዡ የኔታ ውብነህ ነበሩ። የኔታ የደብር ሰው ናቸው። ደብሩ ሳይዘጋ በፊት፣ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት በጥላቸው እየለኩ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ሜዳው የደብሩ ግጦሽ ነበር፤ ጣሊያን ሜዳውን ሲወስድ እሳቸውንም አብሮ ወሰዳቸው ማለት ይቻላል፣ ዘበኛ አደረጋቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ አያሌው ይባላል፤ እሱም ገሳይ ላይ መንገድ ሥራ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥላ መለካት አስተማሩኝ። ኩታቸውን ከራሳቸው ላይ ያወርዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የራሳቸው ጥላ የወደቀበትን ቦታ በዓይናቸው ይይዙታል፤ ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነኩ እስከዚያ ይረግጣሉ። እኔም በራሴ እግር እንድለካ ያዙኛል። ረጅም ሰው ጥላውም እግሩም ረጅም ስለሆነ ሁሉም በራሱ ጫማ ነው የሚለካው አሉኝ። ጥላው በየወሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ፀሐይ በማይኖርበት ቀን ደግሞ ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። የኔታ ሲደግሙ አይፈጥኑም፣ አይዘገዩም፤ እንደ በቅሎ ሶምሶማ ነው። አንድ ንጉሥ ዛሬም ነገም እኩል ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ድጋሙን ከጀመሩ ደግሞ ሰማይ ቢወድቅ አይናገሩም። የሚጠራቸው ሰው ካለ እጃቸውን ብቻ ያነሣሉ፣ ቆይ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ እንዲሁ እጃቸውን አንሥተው ሳለ የሰው በሬ መጥቶ የተዘረጋውን አንሶላ ማኘክ ጀመረ። እኔ ከበሬው ጋር ስጓተት የኔታ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ አማትበው መጡ። ግማሹ አንሶላ በሬው ሆድ ገብቷል። "ምነው ዝም አልሽው?" አሉኝ። ጠርቼዎት ነበር ብል እጃቸውን ማንሣታቸውን አስታወሱና ሳቁ። "በይ፣ ለማሬሻሎው እኔ እነግራለሁ። አንሶላውን የበላው ጸሎቴ ነው እላለሁ" አሉ።

ከአስመራ አውሮፕላን ሲነሣ የሚነግረን ተስፋይ ነበር። ተስፋይ የአስመራ ልጅ ነው፤ የቴሌግራፉ ሥራም አስተርጓሚነቱም የእሱ ነበር። ወሬው ሲደርሰው ከቴሌግራፍ ቤቱ በር ቆሞ ባርኔጣውን ያውለበልባል። የኔታ ያን ጊዜ ጥላ ይለካሉ፣ ወይም ዳዊት ይጀምራሉ። ሰባተኛው ንጉሥ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ከእብናት በኩል ይሰማል። እኔ አንሶላውን የምዘረጋው አምስተኛው ሲያልቅ፣ እሳቱ የሚለኮሰው ስድስተኛው ሲያልቅ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተሳስቶ አያውቅም፣ የኔታም ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ቀን ተስፋይ የአገሩን ካርታ አምጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋልን። አስመራን ከላይ፣ አዲስ አበባን ከታች አሳየን። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ትልቅ አውሮፕላን አለ፣ ሳያርፍ በላያችን የሚያልፈው፤ እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሰዓት ያህል ይበቃዋል አለ። ከአስመራ እኛ ዘንድ ሁለት ሰዓት ነው። የኔታ በወጣትነታቸው የጨው ነጋዴ ተከትለው አስመራ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል፤ ከወር በላይ ነው የፈጀባቸው። ማደሪያዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ጎንበስ ብለው ካርታውን አዩት።

"ታዲያ ይህ ሰው የት የት ያድራል?"

"አያድርም፣ አባቴ።"

"ሳያድርበት አገሩን እንዴት ያውቀዋል?"

"ነገሩ ማወቅ አይደለም፣ መድረስ ነው።"

የኔታ ቀና አሉና ባዶ እግራቸውን አዩ። "እነዚህ ይህን ባይሰሙ ይሻላል" አሉ። ተስፋይ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ሲደግሙ በንጉሥና በንጉሥ መካከል ትንሽ ያርፉና አውሮፕላኑ የደረሰበትን አገር ስም ይጠራሉ። መረብ ይላሉ። ተከዜ ይላሉ። ስሜን፣ በለሳ፣ እብናት። አብራሪው ያላደረበትን እሳቸው ያድሩለት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ ውስጥ፣ ገሳይ ላይ ድማሚት ያለ ጊዜው ፈነዳ። መንገዱን የሚሠራው ጣሊያን ኢንጂነር እግሩ ተደቆሰ። አያሌው ጎትቶ ሊያወጣው ሲገባ ሁለተኛው ፈነዳና ፊቱን አገኘው። ሁለቱንም በመኪና ደብረ ታቦር አመጧቸው። የአያሌው ዓይኖች እዚህ አይድኑም፣ አስመራ ግን የዓይን ሐኪም አለ ተባለ። ለኢንጂነሩ አውሮፕላን ሲጠራለት እሱ አያሌው ካልሄደ አልሄድም አለ። ማሬሻሎው ተቆጣ፣ ለመነው፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱም እንዲሄዱ ተፈቀደ።

በዚያ ጠዋት አንሶላውን የዘረጋሁት እኔ፣ እሳቱን የለኮሱት የኔታ ናቸው። አውሮፕላኑ በደህና አረፈ። አያሌውን በቃሬዛ ሲያመጡት ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አፉ ብቻ ነበር የሚታየው። የኔታ አጠገቡ ተንበረከኩ።

"አባ፣ አስመራ ሩቅ ነው?" አለ።

"በእግር ነው ሩቁ። በዚህስ ሰባት ንጉሥ ነው።"

"ፈራሁ።"

"ዳዊት ድገም። ከአንደኛው ጀምር፣ እኔም ከዚህ አብሬህ እጀምራለሁ። ሰባተኛውን ስንጨርስ አንተ አስመራ ነህ።"

"ረስቼው ከሆነስ?"

"እኔ ያስተማርኩትን? ትረሳና እናያለን" አሉት። የልጁ አፍ ፈገግ ሲል አየሁ።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ እብናት ዞረ። የኔታ ኩታቸውን አጣፍተው ቆሙና ጀመሩ። እኔ አንሶላዎቹን ሰብስቤ፣ አጣጥፌ፣ እሳቱን በአፈር አዳፈንኩት። ሁለተኛው ንጉሥ ሳያልቅ ጭጋጉ ከጉና ተራራ ወረደ። ሦስተኛው ላይ የቴሌግራፍ ቤቱ ጣሪያ ጠፋ። የኔታ ግን አገራቸውን እየጠሩ ቀጠሉ። ስሜን። ተከዜ። መረብ። ሰባተኛውን ሲጨርሱ መሬት ስመው የምስጋናውን ጸሎት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ድምፅ ሰማሁ። ከጭጋጉ በላይ፣ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ነበር። ራቀ፣ ተመለሰ፤ እንደገና ራቀ። እኔ ድምፄ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጠጋ ብዬ፣ "የኔታ፣ ክብሪቱን ይስጡኝ፣ ላንድደው?" አልኳቸው። እጃቸውን አነሡ። ድምፁ ሦስተኛ ጊዜ መጣ። "የኔታ፣ የሚዞር ነው የሚመስለው" አልኩ። እጃቸው እንደተነሣ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ወደ ምዕራብ ሄደና ጠፋ።

ጸሎታቸውን ጨርሰው አማተቡ። ፊታቸው በርቶ ነበር። "ገባ። አያሌው አስመራ ገባ" አሉኝ። የሰማሁት ድምፅ ምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ነው አሉ።

በማግስቱ ተስፋይ ቤታችን ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። እናቴ ውስጥ ተኝታ ስለነበር ደጅ ቆምን። አውሮፕላኑ አስመራ አልደረሰም አለኝ። ስሜን ላይ ደመናው አላሳልፍ ቢለው ከመንገድ ተመልሷል። ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ፣ አስመራ ድረስ የመሄዱን ያህል ጊዜ ነው። የጣራ ገዳም መነኮሳት ከገዳሙ ጫካ በላይ ካለው ተረተር ሥር ወድቆ አግኝተውታል። የዳነ ሰው የለም። አያሌውን መነኮሳቱ ከገዳሙ ግቢ ቀብረውታል።

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ትላንት አልፎ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በደመናው ምክንያት ጭራሽ አልተነሣም አለኝ። ለምን እንደጠየቅሁት ነገርኩት። ባርኔጣ ያደረገውን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለማንም አላወራንም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መርዶ በጎረቤት አፍ አይነገርም፣ ዘመድ ይምጣ አሉ። የየኔታ ዘመድ አንበሳሜ ያሉት ቄስ ወንድማቸው ናቸው። ሰው ተላከ፤ ጉማራ ግን ሞልቶ ነበር፣ የተላከውም ሰው፣ ቄሱም ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ቀሩ። ወሬው ከጣራ ገዳም ጦር ሰፈር፣ ከጦር ሰፈር አስመራ ባንድ ቀን ደርሷል። ከቴሌግራፍ ቤቱ እስከ የኔታ ጆሮ ለመድረስ ግን ጉማራ እስኪጎድል መጠበቅ ነበረበት። ከተማው በሙሉ ያውቃል። የኔታ ሲያልፉ የምንጩ ሴቶች ዝም ይላሉ። እኔን ያን ሰሞን ጭሴ ያለኝ የለም።

እሳቸው በየጠዋቱ ሥራ ይመጣሉ። ፍልፈል ይደለድላሉ። ዛሬ ዓይኑን አጥበውለታል ይላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ዛሬ ፋሻውን ቀይረውለታል። ተስፋይን ወሬ ሲጠይቁት በደመና ምክንያት ሽቦው አይሰማም ይላቸዋል፤ እሺ ብለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን አንሶላዎቹን ደግሜ በእንዶድ እንዳጥብ አዘዙኝ። ንጹሕ ናቸው ብል፣ "ሲመለስ ዓይኑ ያያል። መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው፤ ነጭ ይሁንለት" አሉኝ። ወንዝ ወርጄ አጠብኩት። ያን ያህል ነጥቶ አያውቅም።

ማሬሻሎው ይህን የመርዶ ሥርዓት አያውቅም። ጨካኝ ሰው አልነበረም። የኔታን ቢሮው አስጠራቸው፤ እኔ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ተነሥቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ቀስ ብሎ ተናገረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የአያሌውን ስም ሁለት ጊዜ ሲጠራ ሰማሁ። የኔታ የልጃቸውን ስም ሲሰሙ ወደ ተስፋይ ዞሩ። ተስፋይ ጠጋ አላቸው።

"አባቴ፣ አያሌው ጎበዝ ልጅ ነው ይላሉ። ሜዳውም ንጹሕ ነው ይላሉ።"

የኔታ እጅ ነሡ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። ልጄን በአየር ስለላኩልኝ ውለታቸውን አልረሳም በልልኝ።"

ተስፋይ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ አላውቅም። ማሬሻሎው የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። የኔታ ደስ ብሏቸው ወጡ። ተስፋይ ሲወጣ እኔን አየኝ፤ ምንም ሳልለው፣ "እኔ ለእሳቸው ማን ነኝና መርዶ የምነግር?" አለኝ።

ጉማራ ጎደለ። ቄሱ ዘመድ አስከትለው በማታ ገቡና ሽማግሌዎቹ ቤት አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሁላችንም ነጠላችንን ዘቅዝቀን ወደ የኔታ ቤት ሄድን። የኔታ ለሥራ ተነሥተው ነበር፤ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ወንድማቸውን አዩ። ከኋላቸው የቆመውን ሰው አዩ። ቄሱ፣ "ወንድሜ፣ አያሌው አስመራ አልደረሰም። ጣራ ገዳም ነው ያረፈው" አሉ።

ሴቶቹ ጮኹ። የኔታ አልጮኹም። "ጣራ ገዳም?" አሉ። ወንድማቸው አዎን አሉ። የኔታ ያን አገር በእግራቸው ያውቁታል፤ ከእብናት በየት በኩል እንደሆነ፣ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቁታል። ቆመው ሲያስቡ አየኋቸው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በዓይናቸው ሲፈልጉ ቆይተው እኔን አገኙኝ። ብዙ አላዩኝም። ወዲያው ተንበርክከው ግንባራቸውን ከመቃኑ ጋር አጋጩ፣ ሰዎች ያዟቸው።

ከተዝካሩ በኋላ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ግን ጥላ መለካት ተዉ፣ ዳዊትም ከአፋቸው አልሰማሁም። ተስፋይ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ የምለካው እኔ ሆንኩ። እሳቸው እሳቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ክብሪቱ ከእጃቸው አይለይም። ድምፅ ከሰሙ ያነዳሉ። ነጎድጓድ ሲሆን ያነዳሉ። በገሳይ መንገድ የጭነት መኪና ሲያቃስት ያነዳሉ። ንብ ሲያልፍ ቀና ሲሉ አይቻቸዋለሁ። ጎማ በጎማ ላይ ይጨምራሉ፤ ጥቁሩ ጭስ ከጉና ሥር እስከ ከተማው ይታያል። እሳቱን ለማዳፈን እጄ አልታዘዘልኝም፤ እንጨት አቀብላቸው ነበር። ማሬሻሎው አንዴ አለፈው፣ ሁለቴ አለፈው፤ በመጨረሻ ከበላዩ ቁጣ መጣበትና ከሥራ አስወጣቸው። ክብሪቱን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖቹ እስኪሄዱ ድረስ ሜዳው ላይ ብቻዬን ሠራሁ። አንድም አውሮፕላን አልሳተኝም። እናቴ በዚሁ መካከል አረፈች። ተስፋይ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሥራዬ ነገር ይኸው ነው።

የኔታ ከሥራ በወጡ በሳምንታቸው ወደ ጣራ ገዳም ሊሄዱ ተነሡ፤ ልጃቸው አጠገብ ሊመነኩሱ። ቤታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። ስልቻቸውን ተሸክሜ ከከተማው መውጫ ድረስ ሸኘኋቸው። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ስልቻውን ተቀበሉኝና ትከሻቸው ላይ አነገቱት። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ወደ ሜዳው እያዩ ነበር።

"ሰባተኛውን ስጨርስ እላዬ ላይ ነበር" አሉ።

መሬት መሬት አየሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ሲከብደኝ ይሰማኛል።

"አንቺስ ብለሽኝ ነበር፣ ልጄ።"